የሰው ቅርፅ ለቤት መግዛት፦ ከዋንዛ የተሰራችውን አሮጊት ልውሰድ ወይስ ልተዋት? (ሀዋሳ)

ሀይቅ_ዳር፦

ሰላም ቤተሰብ። ስዕል የመግዛት አመል አለብኝ፣ የሳሎኑ ግድግዳ ሞልቶ አሁን ኮሪደሩ ላይ ሁሉ መስቀል ጀምሬያለሁ፣ ቅርፃ ቅርፅ ግን ገዝቼ አላውቅም። ሰሞኑን እዚሁ ሀዋሳ አንድ ወጣት ቀራፂ ጋ አንዲት ስራ አይቼ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ከዋንዛ የተቀረፀች የተቀመጠች አሮጊት ናት፣ ቁመቷ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ ነጠላዋን ተከናንባ እጆቿን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋለች። ፊቷ ላይ ልጁ ብዙም አልደከመም፣ አይንና አፏን ጠቆም አድርጎ ነው የተወው፣ ግን ዞር ብላችሁ ከኋላ ስታዩዋት ነጠላው ከትከሻዋ ወደ ወገቧ ሲወርድ ከስሩ የጎበጠ ጀርባ አለ አይደል፣ ይሄ ጀርባ ስንት እንስራ ተሸክሟል ነው ያልኩት በልቤ። 45 ሺ ብር ብሎኛል።

ችግሩ ለሰው ሳማክር ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ ጓደኛዬ በዚህ ብር እንጨት ከምትገዛ እኔ የማውቀው ሰው ጋ ከውጭ የመጣ የነሐስ ዳንሰኛ አለ፣ የፈረንሳይ ኦርጅናል ነው፣ ፊርማ ሁሉ አለው፣ ነገ ዛሬ ዋጋው ይጨምራል ይለኛል። ሌላው ደግሞ በሰው በሰው "የጥንት ዋካ" (የኮንሶ የእንጨት ሐውልት) የሚሸጥ አለ ፎቶውን ልላክልህ አለኝ። እናቴ ጭራሽ ሰው የሚመስል እንጨት ቤት ውስጥ ምን ይሰራል፣ ጣኦት ነው፣ እሱ ባለበት ቤት አላድርም ብላ ቁርጡን ነግራኛለች።

እና እስቲ የምታውቁ፣ ሰው ከጥንት ጀምሮ ምን ፈልጎ ነው የሰው ቅርፅ እየገዛ ቤቱ የሚያስቀምጠው፣ ስዕል አይበቃም ወይ? ደግሞስ ስገዛ ምኑን ነው ማየት ያለብኝ? በስዕል በአይኔ እተማመናለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ድንግዝግዝ ነው ያለብኝ።

ጭቃ_በእጁ፦

ወንድሜ እኔ አለ ፈለገ ሰላም የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርፃ ቅርፅ ነው የተማርኩት፣ አሁን ኑሮ ነውና የህንፃ ጄሶ ነው ምሰራው፣ እሱን ተወው። ስለ ገዢዎቹ ልንገርህ፣ አመቶቹን በፈረንጅ ነው ምፅፍልህ።

ያንተ ነገር የጀመረው ከሮማውያን ነው ማለት ይቻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 146 ላይ ቆሮንቶስን አጥፍተው የግሪኮቹን ሐውልት እየጫኑ ወደ ሮም ወሰዱ፣ ከዛ በኋላ ሀብታም ነኝ የሚለው ሁሉ ለግቢው የግሪክ ሐውልት ካላገኘሁ አለ። ኦርጅናሉ ለሁሉም አይዳረስም፣ ስለዚህ በእብነ በረድ ቅጂ የሚሰሩ ቀራፂዎች ገበያ ደራላቸው። ዛሬ በየሙዚየሙ የግሪክ ነው ከምንለው እብነ በረድ ውስጥ ብዙው እንደዚህ ለሮማ ገዢ የተሰራ ቅጂ ነው፣ የነሐሱ ኦርጅናል አብዛኛው ቀልጦ ሌላ እቃ ሆኗል። በ1972 ሪያቼ ከሚባል የጣልያን ባህር ዳርቻ አጠገብ ከውሃ ውስጥ ሁለት የነሐስ ተዋጊዎች ሲወጡ አለም ጉድ ያለው ለዚህ ነው፣ ባህር ስላሰጠማቸው ነው ከማቅለጫ ያመለጡት።

እኔ በጣም ደስ የሚለኝ ግን ከዛ በኋላ በ1500ዎቹ አካባቢ የመጣው ነው፣ ትንንሽ ነሐስ። ማንቱዋ የሚባል የጣልያን ከተማ ውስጥ አንቲኮ ብለው የሚጠሩት ቀራፂ ነበር፣ ለገዢዎቹ ለጎንዛጋ ቤተሰብና ለኢዛቤላ ዴስቴ እነዛን ትላልቅ የሮማ ሐውልቶች ጠረጴዛ ላይ እንዲቆሙ አድርጎ በትንሹ ይሰራላቸው ነበር፣ ገላው ጥቁር ነሐስ፣ ፀጉሩ በወርቅ ተለብጦ፣ አይኑ ላይ ብር ገብቶ። አስበው፣ አደባባይ የነበረ ነገር እጅ ውስጥ ገባ፣ እንግዳ ሲመጣ አንስተህ እያዟዟርክ የምታሳየው ነገር ሆነ። ፍሎረንስ ላይ ደግሞ ጃምቦሎኛ የሚባል ቀራፂ መጣና ገላውን እንደ ጭስ እየጠማዘዘ የሚሰራቸው ቅርፆች ፊት ለፊታቸው ይሄ ነው የሚባል የላቸውም፣ ከየትም ብታይ ገና የቀረህ ጎን አለ፣ ስለዚህ ሳትወድ በግድህ ትዞራለህ። የፍሎረንስ ገዢዎቹ ሜዲቺዎች የሱን ትንንሽ ነሐሶች ለሌሎች ቤተ መንግስታት ስጦታ ይልኩ ነበር።

ስዕል አይበቃም ወይ ላልከው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ስዕል የራሱ አለም ውስጥ ነው ያለው አንተ በመስኮት ታየዋለህ፣ ቅርፅ ግን አንተ ያለህበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ጥላ ይጥላል፣ ቦታ ይሻማሃል፣ ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ሲቀየር መልኩ ይቀየራል። የሰው ሲሆን ደግሞ ገላህ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። የፈረንሳዊውን ቀራፂ የሮዳንን "የሚራመደው ሰው" በፎቶ ፈልገህ እይ፣ ጭንቅላት የለውም፣ ክንድ የለውም፣ ግን ይራመዳል! ያንተ ቀራፂም ፊቷን ትቶ ጀርባዋ ላይ መድከሙን ስትነግረኝ ልጁ የገባው ነው አልኩ።

ለእናትህ የሚሆን ነገር ልስጥህ። እናቶቻችን እንዲህ የሚሉት ዝም ብለው አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያስለመደችን ስዕል ነው እንጂ ዞረው የሚያዩት ምስል አይደለም። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ቅዱሳን በቁመታቸው ተቀርፀዋል ግን እነሱም ከግድግዳው አልተላቀቁም። ከክርስትና በፊት ግን ነበረን። አምስት ኪሎ ብሄራዊ ሙዚየም ስትገባ ከአክሱም አቅራቢያ ሐውልቲ ከሚባል ቦታ የተገኘች የድንጋይ ሴት አለች፣ ከአክሱም መንግስት በፊት የነበረ ስራ ነው፣ ሽንሽን ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ያንተዋ አሮጊት ቅድመ አያት አላት ማለት ነው። እሱ ሩቅ ከሆነብህ ደግሞ ዲላ አፍንጫህ ስር ነው፣ ጌዴኦ ዞን ቱቱ ፈላ ሂድና ፊት የተቀረፀባቸውን የመቃብር ድንጋዮች እይ፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር እኮ በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ የሀዋሳ ሰው ግን ለምን እንደሆነ እንጃ ከወንዶ ገነት ፍል ውሃ አያልፍም።

መሮና_መዶሻ፦

ከላይ ያለው ወንድማችን ታሪኩን ጥሩ አድርጎ ነግሮሃል እኔ ደግሞ ስለ እንጨቱ ልንገርህ፣ እዚሁ ሀዋሳ የእንጨት ስራ ነው የምሰራው አልጋ ቁምሳጥን ምናምን፣ ቀራፂ አይደለሁም ግን ዋንዛን አውቀዋለሁ።

ዋንዛ ጥሩ መርጧል። አይከብድም፣ ለመሮ እሺ ይላል፣ ከባህርዛፍ ጋር አይወዳደርም፣ ባህርዛፍ ሲደርቅ እየተጣመመ ያሳብድሃል። እዚህ ሲዳማ ገጠር ለቡና ጥላ ብለው የሚይዙት ዛፍ ስለሆነ ከገበሬ ጓሮ የወጣ ነው ብሎ ሊነግርህ ይችላል፣ የት እንዳገኘው ጠይቀው ይነግርሃል አይደብቅም።

መጀመሪያ ስሯን ገልብጠህ እይ። ግንዱ ሲቆረጥ ክብ ክብ መስመሮቹ የሚሰበሰቡበት መሃል አለ አይደል፣ የዛፉ እምብርት፣ እሱ ከነነፍሱ ቅርፁ መሃል ካለ ቀን ጠብቆ ከዛ ጀምሮ ወደ ውጪ ይሰነጠቃል፣ ጊዜ ነው የሚወስደው እንጂ አይቀርለትም። ጎበዝ ሰራተኛ ወይ ግንዱን ሰንጥቆ እምብርቱን አውጥቶ ነው የሚጀምረው ወይ ከስር ቦርቡሮ ያወጣዋል። ቀጥለህ እንጨቱ ስንት ጊዜ እንደደረቀ ጠይቀው። በደፈናው ለ2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት አንድ አመት ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት ይባላል፣ እንደሷ ወፈር ያለ ነገር ባለፈው ክረምት ተቆርጦ ዘንድሮ ተቀርፆ ከሆነ ቤትህ ገብቶ ነው የሚደርቀው፣ ቤትህ ገብቶ ከደረቀ ደግሞ ማታ ማታ ጧ ሲል እናትህ ጣኦቱ ተናገረ ትላለች።

ነቀዝም አለ። ነጣ ያለው የውጪው ክፍል ነው ቶሎ የሚበላው። ቀዳዳ ብታይ ወዲያው አትደንግጥ፣ አሮጌ ሊሆን ይችላል፣ ነጭ ወረቀት ስሯ አድርገህ ጥቂት ቀን ቆይተህ እይ፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት ከተገኘ ውስጥ ሆኖ እየበላ ነው።

ስራውን ለመመዘን ደግሞ እጅ የማይገባበት ቦታ ሂድ። ብብቷ ስር፣ አገጯ ስር፣ በጣቶቿ መሃል፣ ነጠላው አንገቷን የሚነካበት። ፊት ለፊቱንማ ሁሉም ያሳምረዋል፣ ሰነፍ ሰራተኛ እዛ ጋ ሲደርስ በብርጭቆ ወረቀት አድበስብሶ በቫርኒሽ ይሸፍነዋል። የመሮው ምልክት ከታየህ አትጥላው፣ አውቆ ከተወው እያንዳንዱ ምት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ካላወቀ ዝብርቅርቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ካልቀባት ጥሩ፣ የንብ ሰም ይበቃታል። ከገዛሃት በኋላ ፀሀይ የሚመታው መስኮት ስር አታስቀምጣት።

ብር_ይናገር፦

ኧረ ተዉ እንጂ ሰውዬው በ45 ሺ ብር እንጨት ሊገዛ ነው እናንተ ስለ ሮማ ታወራላችሁ። አትራፊ ከሆነ ይግዛ ካልሆነ መሬት ነው ሚሻለው። ጃኮሜቲ የሚባለው ቀራፂ የሰራው "የሚጠቁመው ሰው" በ2015 ኒውዮርክ ጨረታ ላይ ከ141 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል፣ ቀጭን ሰውዬ ነው እኮ አጥንቱ ብቻ የቀረ! እንደሱ የሚሆን ከሆነ ንገሩኝና እኔም አንድ ልግዛ።

የድሮ_እቃ፦

ብር ይናገር እውነትህን ነው ተሸጧል፣ ግን የተሰራው በ1947 ነው፣ ነሐሱም አንድ ብቻ አይደለም፣ ስድስት ቅጂና አንድ የቀራፂው የራሱ አለ። ቅጂ አለው ተብሎ ዋጋው አልወረደም፣ ቁጥሩ የታወቀና የተዘጋ ስለሆነ። ጠያቂው ስለ ነሐሱ ዳንሰኛ ሲወስን ይሄን ይያዝ።

ነሐስ እንዴት እንደሚሰራ ካላወቅክ ነሐስ አትግዛ። ቀራፂው መጀመሪያ በጭቃ ይሰራል፣ ከጭቃው ላይ ሞልድ (የቅርፁ ባዶ ማውጫ) ይወሰዳል፣ ሞልዱ ውስጥ ሰም ይለበጣል፣ የሰሙ ቅርፅ እሳት በሚችል ነገር ይሸፈንና እቶን ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈሳል። ሞልዱ እስካለ ድረስ ደግሞ ሌላ ማውጣት ይቻላል፣ ቀራፂው ከሞተ በኋላም ቢሆን። ፈረንሳዮች ለዚህ ነው በህግ ከ12 በላይ የወጣውን ኦርጅናል አይባልም ያሉት፣ 8 ቁጥር የተሰጣቸውና 4 የቀራፂው ተብለው የሚያዙ።

ዳንሰኛ ስትል ደግሞ ሳቄ ነው የመጣው ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሚመጣው ደጋ የሚባለው ፈረንሳዊ አርቲስት የሰራትን ትንሿን ዳንሰኛ አስመስሎ የተሰራ ነው። ደጋ እሷን በ1881 ለህዝብ ሲያሳያት ከሰም ነበረች፣ እውነተኛ የጨርቅ ቀሚስ አልብሷት፣ ፀጉር አድርጎላት፣ ሰው ደነገጠ፣ አስቀያሚ ናት ብለው ተሳደቡ። እሱ በህይወት እያለ በነሐስ አላስወጣትም! በ1917 ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ናቸው ኤብራር የሚባል የፓሪስ ነሐስ ቤት ሰጥተው ያስወጡት፣ የሰሟ ኦርጅናል ዋሽንግተን ብሄራዊ ጋለሪ ነው ያለችው። የነዛኞቹ ነሐሶች የት የት እንዳሉ ደግሞ ተፅፎ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሀዋሳ ውስጥ በሰው በሰው የሚሸጥ "ኦርጅናል" ብሎ ነገር የለም።

ደግሞ ፊርማ ምንም ማለት አይደለም፣ ፊርማውም አብሮ ከሞልዱ ይወጣል። ማግኔት ይዘህ ሂድ፣ ከሳበው ብረት ነው፣ ነሐስ በማግኔት አይሳብም። ካልሳበው ደግሞ ገና አልጨረስክም፣ ስሩ ላይ የማይታይ ቦታ በሚስማር ጫር አድርገው (አስፈቅደህ)፣ ወርቅማ ብጫ ከወጣ ነሐስ ሊሆን ይችላል፣ ግራጫ ብርማ ከወጣ ዚንክ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ነሐስ መግዛት ላልቻለ ሰው በገፍ ይመረት የነበረ። አሁን አሁን ደግሞ ሬዚን (እንደ ፕላስቲክ የሚደርቅ ሙጫ) ከነሐስ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ያወጡታል፣ እሱን በእጅህ ስትይዘው አይቀዘቅዝም፣ በጥፍርህ ስትመታው ድምፁ ዱብ ነው፣ አይጮህም። ዚንክም ሬዚንም መግዛት ሀጢአት የለውም ካማረህ፣ የዋጋው ነገር ነው እንጂ።

ካራት_ልጅ፦

እኔ ስለ ዋካው ብቻ ነው የምናገረው የቀረውን አላውቅም። የኮንሶ ልጅ ነኝ፣ ሀዋሳ ለስራ ነው ያለሁት።

ፎቶውን ላኩልህ ካሉህ አትክፈተው ማለት ባልችልም ገንዘብ እንዳታወጣ። ዋካ ጌጥ አይደለም። ጀግና የነበረ ሰው ሲሞት ለሱ የሚቆም ነው፣ መሃል ላይ እሱ ግንባሩ ላይ ከላቻው (የግንባር ጌጡ) ሆኖ፣ አጠገቡ ሚስቶቹ፣ የገደለው ጠላት ወይ አውሬ ካለ እሱም ይቆማል። አይኑ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሱ ከአጥንት ይሰራል። ባጭሩ ቤተሰብ ነው አብሮ የቆመው፣ አንዱን ነቅሎ መሸጥ ማለት ከመቃብር ላይ ሰው መስረቅ ማለት ነው። የተሰረቁት ብዙ ናቸው፣ ካራት ያለው የኮንሶ ሙዚየም ውስጥ የምታያቸው ዋካዎች እኮ ከሌባ እጅ የተያዙ ናቸው፣ ገብተህ ስታያቸው የማን አባት እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ተደርድሮ ነው የምታየው፣ እኔ ብዙ መቆም አልቻልኩም እዛ።

ህጉም አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለጥናት ወይ ለኤግዚቢሽን በፈቃድ ካልሆነ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እኔ ከአገር አላወጣውም ብትል የተሰረቀ እቃ የተሰረቀ ነው። ኬንያ የሚጂኬንዳ ህዝብ ቪጋንጎ የሚሉት ተመሳሳይ የመታሰቢያ እንጨት አላቸው፣ ተሰርቆ አሜሪካ ሰብሳቢዎች ጋ ገባ፣ ሰብሳቢዎቹ ለሙዚየም ሰጡ፣ በኋላ የዴንቨር ሙዚየም 30 የሚሆኑትን መልሷል፣ መመለሱ ራሱ ስንት አመት ፈጀ። እንዲህ ያለ ነገር ገዝተህ ሳሎንህ ብታቆመው ለማን ነው ምታሳየው?

የዋካ አሰራር ከማረከህ ደግሞ ለሽያጭ ብለው የሚቀርፁ የኮንሶ ሰዎች አሉ፣ አዲስ ነው ብለው ነው የሚሸጡልህ፣ ከነሱ ግዛ። አዲሱን በጭስ አጥቁረው፣ ጭቃ ቀብተው፣ ለጥቂት ወር ውጪ ጥለው "የጥንት ነው" የሚሉም አሉና ፎቶ የላከልህ ሰውዬ ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ሌባ ወይ አጭበርባሪ።

ሀይቅ_ዳር፦

ኧረ ተባረኩ፣ እንዲህ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ካራት ልጅ በተለይ አመሰግናለሁ፣ ሰውዬውን ብሎክ አድርጌዋለሁ። ነሐሱን ማግኔት ይዤ ላየው ነው ብዬ ለጓደኛዬ ስነግረው ባለቤቱ "ማግኔት የሚያመጣ ሰው አልፈልግም" ብሏል አሉ ሃሃሃ።

ቀራፂው ጋ ሄጄ አሮጊቷን አስገለበጥኩት። ከስር በመሮ ተቦርቡራለች፣ እምብርቱ የለም፣ እንጨቱ አጎቱ ቤት ጣሪያ ስር አመታት የቆየ ነው አለኝ። ብብቷን ሳይ ልጁ ሳቀብኝ፣ ማነው ያስተማረህ አለኝ። አንድ የቀጠነች ስንጥቅ ግን አንገቷ ጋ አለች። ደግሞ ሰርተፍኬት ስለው ምን ሰርተፍኬት አለኝ።

መሮና_መዶሻ፦

ስንጥቋ ጥፍርህ ካልገባባት ተዋት፣ በእንጨት ዱቄትና በኮላ እንዳይሞላት ንገረው፣ እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ሙሌቱ ጎልቶ ይታያል። በክረምት ትንሽ ትዘጋለች በበጋ ትከፈታለች።

ጭቃ_በእጁ፦

የአንገቱ ስንጥቅ እኔንም አያስፈራኝም። ጀርመን አገር ሪመንሽናይደር የሚባል ቀራፂ በ1500 አካባቢ የእንጨት ቅዱሳን ሲሰራ ከጀርባቸው እየቦረቦረ ነበር እንዳይሰነጠቁ፣ ያም ሆኖ የተሰነጠቁ አሉ፣ ማንም አልጣላቸውም።

ሰርተፍኬቱን አንተ አፅፈው ምንም ከባድ ነገር የለውም፣ አንድ ወረቀት ላይ ስሙን፣ የስራውን ርዕስ፣ ዋንዛ መሆኑን፣ ቁመቷን፣ የተሰራችበትን አመት፣ ሌላ ቅጂ እንደሌላት ፅፎ ይፈርምልህ፣ ስሯ ላይም ስሙን በመሮ ይቅረፅ። ካሁኑ ስልክህን አውጣና ከጀርባም ከስርም ፎቶ አንሳት፣ ስቱዲዮው ውስጥ እሱ አጠገቧ ቆሞ አንድ አንሳ። እዚህ አገር የቀራፂ ስራ የሚጠፋው እኮ በነቀዝ አይደለም ማን እንደሰራው የሚናገር ወረቀት ስለሌለ ነው፣ ከአለ ትምህርት ቤት በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹና 60ዎቹ የወጡ ቀራፂዎች ሰው ቤት የገቡ ስራዎች ዛሬ ልጆቹ ሲሸጡ "አባባ የገዛው እንጨት" ብቻ ነው ሚሉት። አንድ ቀን ውጪ ላለ ዘመድ ልስጥ ብትል ደግሞ ኤርፖርት ላይ ቅርስ ነው አይደለም እያሉ እንዳያንገላቱህ አዲስ ስራ መሆኗን የሚያሳየው ይሄ ወረቀት ነው፣ እሱን ይዘህ ቀድመህ ከቅርስ ባለስልጣን ደብዳቤ ማውጣት ነው።

ስታስቀምጣት ደግሞ ግድግዳ ላይ አታስጠጋት እባክህ፣ ጀርባዋን ነው የገዛኸው። ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይም አይሆንም። ደረትህ ድረስ የሚደርስ መቆሚያ አሰራላት፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን አንድ መብራት አድርግላት፣ የመሮው ምት ያኔ ነው የሚወጣልህ።

ሀይቅ_ዳር፦

ቀብድ ከፍያለሁ፣ 40 ሺ ተስማምተናል፣ ወረቀቱንም እየፃፈልኝ ነው። መቆሚያውን መሮና መዶሻ ይሰራልኛል፣ በውስጥ አውርተናል። ለእናቴ የሐውልቲዋን ሴት ፎቶ አሳየኋት፣ ትክ ብላ አየቻትና "ይቺ እንኳን ጨዋ ናት" አለች፣ እንግዲህ እናያለን።

ብር_ይናገር፦

ቆይ ልጁ ሌላ ስራ አለው እንዴ? ስልኩን በውስጥ ላክልኝ እስቲ።

ሀይቅ_ዳር፦

መጀመሪያ የኔን ቤቴ ላስገባ፣ ከዛ እልክልሃለሁ። መሬት ነው ሚሻለው አላልክም ነበር?